አያስተኟት

ያን ጠዋት ልጄን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። በእጆቿ ጉልበቷን ተደግፋ አገጯን ወደፊት አውጥታለች። ምራቋን መዋጥ ስላልቻለች ለሀጯ በደረቷ ይወርዳል። ትንፋሽ ስትስብ ጉሮሮዋ በጠባብ ቀዳዳ እንደሚገባ ነፋስ ያፏጫል። አማቴ ትራስ አስተካክለው ጋቢ ዘርግተው፣ ጋደም ትበልና ላብ ያውጣላት ይላሉ።

እኔ አቃቂ ጣቢያ የሐዲድ ሠራተኛ ነበርሁ። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ የጣቢያው ድሬሰር የተጎዳ ሲያክም አጠገቡ እየቆምሁ፣ እየጠየቅሁ ነው ያወቅሁትን ያወቅሁት። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ራሱ የመረጠውን አቀማመጥ አትንጠቀው ይለኝ ነበር።

"አያስተኟት፣ እማማ። ከተኛች ይዘጋባታል።"

ምን እንደነካት ብጠይቅ ብርድ ነው አሉኝ። ደግሜ ስጠይቅ ሚስቴ አቀረቀረች። አማቴ በመጨረሻ፣ "እንጥሏ ወርዶ ነበር፤ ከትናንት በስቲያ አስቆረጥኋት" አሉ። ቤተሰቡ የሚፈራው አባት እውነቱን የሚሰማው ከሁሉ ዘግይቶ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚገባ የጭነት ባቡር ቆሞ ነበር። ነጂው ስለሚያውቀኝ እኔን፣ ልጄንና አማቴን ፉርጎ ላይ አሳፈረን። ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ክንዴን ወደፊት እንድትደገፍበት ሰጠኋት። ቃሊቲን ስናልፍ ፉጨቱ ቀነሰ። አብረውን የነበሩ ጫኞች ተመስገን፣ ተሻላት ተባባሉ። አማቴም አማተቡ።

እኔ ደረቷን አየሁ። በጎድኗ መሃል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። ድምፁ የቀነሰው የሚያልፈው አየር ስላነሰ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ልጄ ሰምታ ከደነገጠች ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ያበቃል።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ አፏን ክፈቺ አላላትም። ቆም ብሎ አያት፤ አገጯ ትንሽ፣ አንገቷ ያበጠ መሆኑን አጠገቡ ለቆመው ቀዶ ሐኪም ነገረው። ከዚያ ጭኔ ላይ እንዳለች አንገቷ ላይ በብዕር አጭር መስመር አሰመረ።

"የመተንፈሻ ቱቦ በአፏ ለማስገባት እንሞክራለን። ካልገባ እዚህ ጋ ቀደን እናስገባዋለን። ያን ጊዜ ቦታውን የምንፈልግበት ጊዜ አይኖረንም።"

ፈቀድሁ። ሐኪሙ ልጄን ተቀብሎኝ ወደ ውስጥ ሲገባ ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋውን ይዞ ተከተላቸው፣ በሩም ተዘጋ። አማቴ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ ወንበር ቢሰጧቸውም አልተቀመጡም። ሲከፈት ሐኪሙ ላቡን እየጠረገ በአፏ ገብቷል አለን።

ልጄ ቤት ስትመለስ መስመሩ ገና አልለቀቀም ነበር። አማቴ በነጠላቸው ጫፍ ያሹት ጀመር።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ቢላዋው የሚገባበት ነበር" አልኋቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ ወዲህ አማቴ እንጥል ማስቆረጥ ተዉ ብል ደስ ባለኝ። ውሸት ግን አልጽፍም። በሚቀጥለው ክረምት ሌላዋን የልጅ ልጃቸውን ቆራጩ ዘንድ ወሰዷት። ሲመለሱ ግን ቤት አልገቡም፤ ልጅቱን አዝለው በቀጥታ ጣቢያ መጡ።

"አስቆርጫታለሁ። አትቆጣና ትንፋሿን ስማልኝ።"

ተቆጣሁ፤ ግን በልቤ። ልጅቱን አግዳሚው ላይ አስቀምጬ ጆሮዬን አስጠጋሁ። ወዲያው ባቡር መጣና ድምፁን ሁሉ ዋጠው። ፉርጎዎቹ አልፈው እስኪያልቁ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።