ፈረሰኛውን የገደልኩ ዕለት

ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር ብቻችንን እንኖር ነበር። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በተሳቢ መኪና የጅቡቲን መንገድ የተመላለሱ ሾፌር ናቸው። መንዳት ካቆሙ ዓመት ሳይሞላቸው የቀድሞ አሠሪያቸው ደወለና "ሾፌር ጠፍቶብኛል፤ አንድ ጉዞ ብቻ ይድረሱልኝ" አላቸው። ማክሰኞ ሊነሱ ነው። ዓይናቸውን ግን ሞራ ጋርዶታል። ለሰውየው አልነገሩትም፤ እኔም የማላውቅ መስሏቸዋል። ጎረቤታችንን እኮ ደረጃ ላይ የሚለዩዋት በድምጿ ነው!

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልቤ አላርፍ ሲለኝ ካውቦይ ፊልም ከፈትኩላቸው። ነፍሳቸው ነው። እንግሊዝኛዬ ከፊልም ላይ በራሴ የለቃቀምኩት ነውና፣ የጎደለውን ከራሴ እየሞላሁ እተርክላቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የወጣውን ስም አነበብኩ።

"ዋናው ተዋናይም ዳይሬክተሩም አንድ ሰው ነው፣ አባባ።"

"ራሱ ሾፌር፣ ራሱ ባለንብረት በይኛ!" ብለው ሳቁ።

እኔን ታሪኩ አላሳቀኝም። ከብት መንዳት የተወ አንድ ያረጀ ፈረሰኛ፣ መንጋውን ለመጨረሻ ጊዜ በረሃ እንዲያሻግር ይለመናል። እሺ ብሎ ኮርቻውን ሲያነሳ አባቴ ከሶፋው ወደ ፊት ሳብ አሉ። ፈረሱ ቁልቁለት በወረደ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ምንጣፉ ላይ ፍሬን ይረግጣል። እኔ እነሳለሁ፣ መጋረጃ እስባለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። ማክሰኞ፣ ማክሰኞ ይለኛል ሆዴ።

በመጨረሻ ፈረሰኛው መንጋውን አስረክቦ፣ እያፏጨ ወደ ቤቱ ተመለሰ። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣

"ገደል ገባ፣ አባባ። ሳያየው... ሞተ" አልኩ።

አባቴ ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘነበሉ።

"ፊልሙን የሠራው ራሱ ነው አላልሽኝም?"

"ነው።"

"ታዲያ ሰው በገዛ መኪናው ራሱን ይገለብጣል? ደግሞስ ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ የሠርግ ሙዚቃ ማን ይከፍታል? አንቺ ውሸታም፣ ማንን ነው የገደልሽው?"

"አንቱን ነዋ!" አልኩ፤ እንባዬ መጣ። "ደረጃ ላይ ሰው የማይለዩ፣ አዋሽን እንዴት ሊያልፉ ነው?"

"ያንን መንገድ በጆሮዬ አውቀዋለሁ።"

"መንገዱንስ ይወቁት። ከፊት ለፊት የሚመጣውንስ?"

"አጥፊው" አሉኝና ተነሥተው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ራት አልበሉም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ አሠሪያቸው ዘንድ ደወሉ። "ዓይኔ አያይም፤ ሌላ ሾፌር ፈልግ" አሉት። ከዚያ እኔን "አትከተይኝ" ብለው፣ በታክሲ ሳሪስ ሄዱና የዓይን ክሊኒክ ወረፋ ያዙ።