ሦስት ብርሌ ብርዝ እና ያልተነበበው መስመር

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አክስቴ ከጎባ ደወለች። ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «ልክ ነበርሽ» አለችኝ። «ማሩ ስኳር ነበረበት። ለፋሲካ ደብተርሽን ይዘሽ ነይ።» ስልኩን ለአባቴ መልሼ ጓሮ ወጣሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ከገና ወዲህ ደብተሩን ከፍቼው አላውቅም ነበር። አሁን የምጽፈው በእሱ ላይ ነው።

እኛ የምንኖረው ዲንሾ ነው። በዓል ሲመጣ እኔና አባቴ በሮቤ በኩል አድርገን ጎባ፣ እህቱ ቤት እንሄዳለን። አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ የማር ማሰሮውን እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አቅፎ ስለሚቀመጥ ተሳፋሪው «ስሙ ማነው?» እያለ ይቀልድበታል። አክስቴ ቤት በበዓል ሦስት ማር ይገናኛል፤ የእኛ የዲንሾው፣ የራሷ የጎባው፣ ሦስተኛው የደሎ መናው። የደሎ መናውን የምታመጣው ማር ነጋዴዋ ጎረቤቷ ናት። ሙስሊም ስለሆነች የእኛን ሥጋ አትበላም፤ ለዳቦና ለብርዝ ግን አብራን ትቀመጣለች። ለትልልቆቹ ቀደም ብሎ የተጣለ ጠጅ አለ። ለእሷና ለእኛ ለልጆች ከሦስቱ ማር ሦስት ዓይነት ብርዝ በበዓሉ ጠዋት ይበጠበጣል።

የገና ዕለት ጠዋት ሦስት ብርሌ ፊቴ ደርድሬ በየመሃሉ ዳቦ እየቆረስኩ ቀመስኩ። የቀመስኩትንም ጻፍኩ። ከዚያ ደብተሩን ለአክስቴ ልጅ ሰጠኋት። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ጎባ ስሄድ የምተኛው ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው፤ ለእሷ የማልነግራት ነገር አልነበረኝም።

«ለሰው እንዳታሳዪ» አልኳት።

«እናቴ ትሙት» ብላ ማለችልኝ።

ምሳ ላይ ዶሮ ወጡ ምላሳችንን አቃጥሎ ወጡን የበላን ሁሉ ወደ ብርሌያችን ስንሮጥ አክስቴ ልጇን አየቻትና «አንቺም እንደ እሷ ቁጭ ብለሽ ብትጽፊ ምን አለበት?» አለቻት። እንዲሁ ያለችው ነው። ልጇ ግን ተነሥታ ሄደች፤ ስትመለስ ደብተሬ እጇ ላይ ነበር።

«የጻፈችውን ላንብብላችሁ?»

ዓይኗን ፈለግኩት። አላየችኝም።

«የዲንሾው ነጭ ነው» ብላ ጀመረች። «ውርጭ የረገጠ እግር እንደሚነቃው ምላስን ያነቃል።» አባቴ ጢሙን እየደባበሰ ፈገግ አለ። «የደሎ መናው ጥቁር ነው። መጀመሪያ ይመርራል፣ ቀጥሎ ጫማውን ሳያወልቅ እንደገባ እንግዳ አልወጣም ይላል።» ጎረቤቲቱ እየሳቀች «ወላሂ፣ ላውልቅ እንዴ?» አለች። ቤቱ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ የሚቀጥለውን አውቀዋለሁ።

«የጎባው ጣፋጭ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ስኳር ስኳር ይላል።»

ደብተሩን ዘጋችው።

ከዚያ በታች አንድ መስመር ነበር። «ለአክስቴ ግን አልነግራትም፤ የእጇን ነገር ሁሉ እወዳለሁ» ይላል። የአክስቴ ልጅ ጠዋት ስታነበው አጠገቧ ነበርኩ። አይታዋለች። እያወቀች ተወችው።

በእኛ አገር ማርሽ ስኳር አለበት ከማለት ሌባ ነሽ ማለት ይቀላል። አክስቴ አልተቆጣችም። መጥታ ብርሌዬን ከፊቴ አነሣችና «ለልጅቷ ውሃ ስጧት» አለች። ውሃው በኩባያ መጣልኝ። ማር ነጋዴዋ ብርዟን ዝም ብላ ጨረሰች። አባቴ «ተነሺ፣ ጉልበት ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ» አለኝ፤ ተነሥቼ ሳምኩ። ስለ ቀሪው መስመር ልናገር አፌን ስከፍት «በቃ» አለኝ።

በማግስቱ ስንመለስ፣ ሮቤ መናኸሪያ የዲንሾ መኪና እስኪሞላ ተቀምጠን ሳለ፣ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስኳሩን እኔም ቀምሼዋለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ጉልበት አስሳምከኝ?»

«በዓል ነዋ፣ ልጄ።»

እስከ ዲንሾ አላናገርኩትም። የአክስቴ ልጅ ያደረገችው ከቅናት ነው ብዬ ነበር፤ የአባቴን ምን እንደምለው አጣሁ። ሁለተኛ ያንን ቤት እንደማልረግጥ፣ ሁለተኛም እንደማልጽፍ ለራሴ ነገርኩት።

ትናንት አክስቴ የነገረችኝ ይህ ነው። ማሩን የምትገዛው ከአበልጇ ነው፤ ልጁን ክርስትና ያነሣችለት ሰው። የአበልጅ ማር ፊቱ አይቀመስም፣ እንደ ማማት ይቆጠራል። ስለዚህ ስንት ዓመት ሳትቀምስ ገዛች። የእኔ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣት። በጾሙ መጀመሪያ ሳትናገር ቤቱ ሄደች፤ ከቀፎዎቹ ሥር የስኳር ውሃ በሳህን በሳህን ተቀምጦ፣ ንቦቹ ሰፍረውበት አየች።

«ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ፤ ዋልክ ወይ ብዬ ተመለስኩ።» ቀጥላ «ጎረቤቴን ጠየቅኋት። ‹ዱጋዳ› አለች በኦሮምኛ፣ ‹እውነቷን ነበር።› ያኔ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ እንግዳ ነበርኩ አለችኝ። ውሃ ያስቀረብኩልሽ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አለች።

ከዚያ ስልኩን ለልጇ ሰጠቻት።

«ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«እመጣለሁ።»

«አልጋው ያው ነው።»

ይቅርታ አላለችም። ከማን ጋር እንደምተኛ ገና አላሰብኩበትም።

አክስቴ ግን «የፈለግሽውን ሰው ጥሪ፣ የዘንድሮውን ማር ራሴ ቀምሼ ነው የገዛሁት» ብላኛለች። እንግዲህ እናንተን ጠርቻለሁ። ለፋሲካ ሮቤ ስትደርሱ የጎባ ሚኒባስ ያዙ። የአገራችሁን ማር በትንሽ ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ የአበልጅ ቢሆንም ቀምሳችሁ ግዙ። ሦስት ብርሌ ይቀርብላችኋል፤ የቀመሳችሁትን ተናገሩ፣ ማንም ውሃ አያመጣባችሁም። ደብተሩም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይሆናል። ማንበብ ትችላላችሁ፤ ብቻ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡልኝ።