የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ የጥንት ነገሥታትን ጦርነት ትጫወታለች። ጦር ከማዝመቷ በፊት ለጎረቤቱ ንጉሥ መልእክተኛ ከነስጦታው ስትልክ፣ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ አባቴ ሰንጠረዥ፣ የጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ ታወሰኝ፤ መጫወቻው ራሱ የሸመነው፣ ጥጥ ጥጥ የሚሸት ቀይ ጨርቅ። በሰንጠረዥ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ጠጠሮቻቸውን እንዳሻቸው ያሰልፋሉ።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ ፊደል አልቆጠርኩም። ፈረሴ የአባቴን ወታደር ሊበላ ሲደርስ እጄን ሰበሰብኩ።

«ብይ እንጂ» አለኝ።

«ትምህርት ቤት ያስገቡኝና እበላለሁ፣ አባባ።»

ሳቀ። «ድርድር መሆኑ ነው? አንቺ ከሄድሽ ክሩን ማን ያጠነጥንልኛል?» አለና ጠጠሮቹን እንደገና ያሰልፍ ጀመር። እኔም አሰለፍኩ። የመሸመኛው ጥላ ጨርቁን እስኪሸፍነው አንዳችንም አልበላንም።

«አክስቴ፣ አሁን ልዝመት?» ትለኛለች ልጅቷ።

«ቆይ» እላታለሁ፣ «መልሱ ይምጣ።»