የረቡዕና የዓርብ ብስኩት

መምህርት ጥሩወርቅ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሲ.ኤም.ሲ ወደ መገናኛ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው። የደወለልኝ የቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። «እትዬ ጥሩ አረፉ። ቀብራቸው ነገ ስድስት ሰዓት እንጦጦ ማርያም ነው» አለኝ። ቀብሩ ላይ ብዙዎቻችሁን አይቻችኋለሁ። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የኔም ስም «ታማኝ ረዳታቸው» ተብሎ ተጠራ። አንገቴን ደፋሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ስለዚያች ቃል ነው።

እትዬ ጥሩ የካ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሥነ ልቦና ሲያስተምሩ ተማሪያቸው፣ ኋላም ረዳታቸው ነበርኩ። ያኔ ባቡሩ ቀርቶ ሐዲዱም አልተዘረጋም። ጥያቄያቸውን ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ፤ አእምሮው በሥራ የደከመ ሰው ከዚያ በኋላ ራሱን መግታት ያቅተዋል ወይ? «ከሰዓት በኋላ ባለጉዳይ ላይ የሚጮኸው ሠራተኛ ክፉ ሆኖ ነው፣ ወይስ ጠዋት ሐሳብ አድክሞት?» ይሉ ነበር። በግምት መመለስ ግን አይወዱም።

ስለዚህ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ከጋዜጣ ገጽ ላይ ፊደላትን በአስቸጋሪ ሕግ እየመረጡ ይሰርዛሉ። የቀሩት ጥቂት መስመሮችን ብቻ እንደፈለጉ ይሰርዛሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ብስኩት የሞላበት ሳህን ፊት ይቀመጥና «እስክንመለስ እንዳትነካ» ይባላል። ስንመለስ የጎደለውን እንቆጥራለን። ብስኩቱን በቅቤ የሚጋግሩት ራሳቸው ነበሩ፤ የተረፈውን በወረቀት ጠቅልለው ለጥበቃው ለጋሽ ሙሔ ልጆች ይልካሉ። አንድ ተማሪ ሳህኑን ባዶ አድርጎ በኀፍረት ቢያቀረቅር፣ «አይዞህ፣ የመጣኸው ልትቀጣ አይደለም» ብለው ሻይ ጋበዙት።

አንድ ጥብቅ ትእዛዝ ነበራቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ፈተና የለም። «ጾመኛ ብስኩት ባይነካ ራሱን ገታ አይባልም። ቤቱ ሳለ ወስኖ ነው የመጣው» ብለውኛል። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ረቡዕና ዓርብ ለኔ እንደማንኛውም ቀን ናቸው። ጥንቃቄያቸው ከልክ ያለፈ መሰለኝ። ያን ሰሞን ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመዘምራን ልምምድ ነበረኝ። አስቸጋሪው ሥራ የደረሳቸውን ጠዋት እጨርስና፣ ቀላሉ የደረሳቸውን «ነገ ኑ» እያልኩ አሰናብታለሁ። ነገ ደግሞ ረቡዕ ነው፤ ወይም ዓርብ። በእነዚያ ቀናት እሳቸው ሌላ ቦታ ያስተምራሉ፣ የክፍሉ ቁልፍ እኔ ጋ ነው። መዝገቡ ላይ ማክሰኞና ሐሙስ ብዬ ጻፍኩ።

አንዷ ልጅ ሳህኑን አየችና «ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። በዚህ ልትፈትነኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ። እናም አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

ውጤቱ አማረ። የደከሙት በሉ፣ ያልደከሙት አልነኩም። እትዬ ጥሩ በመምህራን ስብሰባ ላይ በደስታ ሲያቀርቡት ስሜን ጠርተው አመሰገኑኝ። እኔ ሌላ ሥራ ይዤ ከሄድኩ በኋላ ፈተናውን ብቻቸውን ደገሙት። በደከሙትና ባልደከሙት መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ዝም ይል ነበር። እሳቸው እዚያው ስብሰባ ላይ ቆመው «የመጀመሪያው ውጤቴ አይታመን። ስህተቱ የት እንደሆነ ግን አላገኘሁትም» አሉ። ከዚያ በኋላ ውጤቱን ፈጥረው ነው ብሎ የሚያማቸው አልጠፋም። ከሚያሟቸው ጋር ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወደ እንጦጦ ማርያም ሲወጡ አጅባቸው ነበር። አንድ ቀን ዳገቱ መሐል ባሕር ዛፍ ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ፣ «ሳሚ፣ እነዚያን ወረቀቶች ዛሬም አገላብጣቸዋለሁ። የዘነጋሁት ነገር ይኖር ይሆን?» አሉኝ።

«አይ፣ እትዬ። ሁሉም እንዳዘዙኝ ነው የተሠራው።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ያዳልጥ ነበር። እኔ እንዳልወድቅ ክንዴን ያዙኝ።

እትዬ ጥሩ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም። የዘነጉትም ነገር የለም፤ ያመኑትን ሰው ነው ያልጠረጠሩት። አሁን ይህን፣ እርስዎን የሚያውቁ ሁሉ እንዲያነቡት ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ ብቻ አያነቡትም። ለዓመታት በገዛ ሐሳብዎ ተሸሽጌ ኖሬያለሁ። ትምህርቱና ልምምዱ አድክመውኝ ነው፣ የደከመ ሰው ራሱን መግታት ያቅተዋል እያልኩ። ሁለተኛው ፈተናዎ ይህንንም ነሳኝ። ከእንግዲህ ወረቀቶቹን ማገላበጥ ይብቃዎት፤ በሰላም ይረፉ። ያን ሰሞን ደክሞኝ ነበር እንበል። በእነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ ግን እርስዎ ጋ የመጣሁት እንቅልፍ ጠግቤ ነበር።