የሚያፈሰው ጄሪካን

በአትላንታ ዙሪያ፣ ከሊልበርን እስከ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ሀበሻ መካከል የአውስትራሊያን በረሃ በእግሩ ያቋረጠ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ሳልናገር ያለፈ ክርስትና፣ ሰርግም ሆነ ለቅሶ የለም። የኤርፖርት ሆቴል ሻትል ስለምነዳ፣ ትራፊክ ሲይዘን ለፈረንጁ ተሳፋሪም እነግረዋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ፋንታሁን የሚለውን ስሜን ትተው «በረሃው» ካሉኝ ቆይተዋል፤ ስልካቸው ላይ የተመዘገብኩትም በዚሁ ነው።

«ያቋረጠ» የሚለውን ትንሽ ላስተካክል። አብዛኛውን መንገድ ያቋረጥነው በአውቶቡስ ነው፤ እኔም አብዛኛውን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። በእግራችን የሄድነው ሁለት ቀን ነው። ሙቀቱ ሃምሳ ዲግሪ ነበር የምለውም እንዲሁ ነው፤ ነሐሴ ለእነሱ ክረምት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ሹራብ እንለብስ ነበር። እባብ ግን በእርግጥ አይቻለሁ። የሞተ ነበር።

እነዚህ ለጨዋታ ማጣፈጫ የሚጨመሩ ናቸው፤ ጨው የሌለው ወጥ ማን ይበላል? የሚያሳፍረኝ ሌላው ነው። ባለፈው እሁድ በዚያ በረሃ አብሮኝ የነበረው ደምሴ ራሱ ከሜልበርን መጥቶ ቤቴ ምሳ በላ። የመጣው የእህቱን ልጅ ሊድር ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት በስልክ እንጂ በዓይን አልተያየንም። የእሱ ፀጉር ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ የእኔ ሆድ ወደ ፊት ቀድሞኛል።

ባለቤቴ ሂሩት ለእንግዳው ዶሮ ሠርታ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሉም ነበሩ፤ ታሪኬን ቢያንስ አርባ ጊዜ የሰሙ ሰው ናቸው። ገና እጃቸውን ታጥበው ከመቀመጣቸው ወደ ደምሴ ዞሩ።

«ያ ልጅ አንተ ነህ እንግዲህ? እውነት ይኸ ሰውዬ የመጨረሻዋን ውሃ ለአንተ ሰጥቶ፣ በጀርባው አዝሎ ከበረሃ አወጣህ? እሱ እንደዚያ ነው የሚለን።»

ደምሴ የጠቀለለውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መልሶ አየኝ። ሂሩትም አየችኝ። እኔ አይቡን አየሁት።

ምን እንደመለሰ እነግራችኋለሁ። ግን መጀመሪያ የሆነውን ልንገራችሁ፤ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሁለታችንም ሃያ አራት ዓመታችን ነበር። ከናይሮቢ በስደተኝነት ሜልበርን ከገባን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ እርሻ ፍራፍሬ እንለቅማለን። እኩዮቻችን የሆኑ ፈረንጆች ራሳቸውን የሚያክል ሻንጣ በጀርባቸው አዝለው አገር ለአገር ሲዞሩ እናይ ነበር። አንድ ቀን ደምሴ፣ «እነዚህ ምን አጥተው ነው የሚንከራተቱት?» አለኝ።

«እኛ አጥተን ተንከራትተን አይተነዋል» አልኩት። «እስቲ ደግሞ አንዴ ሳናጣ እንንከራተት።»

በዚህች ቀልድ ምክንያት ነው የሄድነው። ከቀልዶቼ ሁሉ የከፋ ዋጋ ያስከፈለችው እሷ ነች። እኔ ካርታ ገዛሁ፤ ደምሴ ከቅዳሜ ገበያ አሥር ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ ጄሪካን ገዛ። ሰው ተጠቅሞበት የተወው ዕቃ ነበር። ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ አጠበው፤ ገልብጦ ሲያደርቀውም እንደ ሕፃን ነበር የሚይዘው።

አሊስ ስፕሪንግስ ስንደርስ ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ደምሴ ጾመኛ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። እኔ ጾም የማውቀው ከእናቴ ጓዳ ነበር፤ እናቴ ከሌለች ጾምም የለም። ግን እንዴት ከእሱ ልነስ? አውቶቡስ ውስጥ፣ «እኔማ ፍልሰታን እስከ አሥራ አንድ ነው የምጾመው» አልኩት። ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። አፌ ሁልጊዜ ከእኔ ሁለት ሰዓት ይቀድማል።

ደምሴ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው እኔም አሥራ አንድ እጠብቅሃለሁ» አለ። «አንተ እየጾምክ እኔ ፊትህ ቁጭ ብዬ ልበላ ነው እንዴ?»

እዚያው «ቀልዴን ነው» ብል ያበቃ ነበር። አላልኩም።

አውቶቡሱ በአስፋልቱ ዳር ካለች ነዳጅ ማደያ አወረደን። ከዚያ አንድ ቀን በእግር ሄደን፣ ካርታው ላይ ምልክት ያደረግንበትን ገደል አይተን፣ አድረን፣ በማግስቱ መመለስ ነው ዕቅዳችን። ማደያዋ ውስጥ ደምሴ ለውዝና ዳቦ ሲመርጥ፣ እኔ ከጀርባው አንድ ትልቅ ፓኬት ቋንጣ ገዝቼ ሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። በኋላ ሳየው ፓኬቱ ላይ የካንጋሩ ሥዕል አለበት። በፍልሰታ፣ የማያመሰኳ እንስሳ፣ ለዚያውም ቋንጣ። ንስሐ አባት ቢኖረኝ ከየትኛው እንደምጀምር ግራ ይገባኝ ነበር።

መንገዱ ቀይ ነው። በርበሬ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይመስላል፤ ጫማ፣ ካልሲ፣ ቅንድብ ሁሉ በርበሬ ሆነ። ዝምታው ደግሞ ጆሮ ውስጥ ይጮሃል። «ጉልበት ያለኝ እኔ ነኝ፣ ጄሪካኑን እኔ ልያዝ» አልኩት። ደምሴ መረቀኝ። ከኋላው እየሄድኩ፣ ሽንት የመጣብኝ እየመሰልኩ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ቋንጣዬን እበላለሁ። ቋንጣው ደግሞ ጨው ብቻ ነው፤ ወዲያው ያስጠማል። እጠጣለሁ። ከዚያ ሥጋው እንዳይሸተው አፌን እጉመጠመጣለሁ፣ እጄን እታጠባለሁ። በበረሃ መሐል፣ ከሚጾም ሰው ውሃ ላይ፣ እጄን ታጠብኩ።

የመጀመሪያው ቀን በሰላም አለፈ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገደሉ አፍ ቁጭ ብለን፣ ሩዝ ቀቅለን፣ ሻይ አፍልተን ፈታን። አለቱ ከቀይ ወደ ወይን ጠጅ ሲለወጥ ደምሴ፣ «ይህን ሳላይ ብሞት ኖሮ» አለ። እኔም እንደሱ የተራበ ሰው መስዬ በላሁ። ጄሪካኑ ግማሽ ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ፀሐይዋ ጠነከረች። እኔም ቋንጣዬን ቀጠልኩ። እኩለ ቀን ላይ ጄሪካኑ እጄ ላይ ሲቀል ተሰማኝ፤ ሳወዛውዘው ታቹ ላይ ብቻ ነው የሚንቦጫረቀው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደምሴ ቆም አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ፋንቱ፣ ዛሬስ በዘጠኝ ብንፈታ ምን ይመስልሃል? አልቻልኩም መሰለኝ።»

ያን ጊዜ ጄሪካኑን ልሰጠው አይገባም ነበር? ግን ከሰጠሁት ያየዋል። «ሁለት ሰዓት ምን አላት?» አልኩት። «ጀምረን አናቋርጥ፤ ነገ ያኮራሃል።»

«እውነትህን ነው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

እነዚያን ሁለት ሰዓታት ነው ማታ ስተኛ የማስባቸው። ስለ ጾም እኔ ምክር የሰጠሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ደምሴ አማትቦ ጄሪካኑን ተቀበለኝ። ከመክፈቱ በፊት ክብደቱ ነገረው። አየው፣ እኔን አየ።

«ምን ሆኖ ነው?»

አፌ እንደ ልማዱ ቀደመኝ። «ያፈሳል መሰለኝ።»

እጄን ስታጠብ ሱሪዬ ርሶ ነበር፤ ደምሴ እሱንም ማስረጃ አደረገው። ጄሪካኑን አገላብጦ፣ ክዳኑን በጣቱ ዳስሶ፣ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ስገዛው ማየት ነበረብኝ» አለ። «አሮጌ ነው፤ አሮጌ መሆኑን አይቼ ነበር።» የቀረችውን ቀዳ፤ አንድ ኩባያ አልሞላችም። ለእኔ ዘረጋት።

«ጠጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንተ ደግሞ እሱን ተሸክመህ ደክመሃል።»

«አንተስ?» አልኩት።

እኔ ጎረቤት ቤት ምሳ ብጋበዝ፣ እየራበኝ እንኳ ሦስት ጊዜ «በልቻለሁ» የምል ሰው ነኝ። ያን ቀን «አንተስ?» ያልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ጠጣ ስልህ» አለኝ። ጠጣሁ። ጨው ጨው አለኝ፤ የቋንጣው ነው።

ብዙም አልሄድንም። ደምሴ በወንድሙ ስም ይጠራኝ ጀመር፤ ቀጥሎ በሩን እንድዘጋው ለመነኝ። በር የለም። ከዚያ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ቀስ ብሎም በጎኑ ተኛ። አላዘልኩትም። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ካርታዬን ከላዩ ዘርግቼ ጥላ ሠራሁለት፤ ያዋጣሁት ይኸው ነው። ያዳኑት አንድ ሽማግሌና አሮጊት ናቸው፤ ወደ ገደሉ ለማደር በመኪና ሲሄዱ ደረሱብን። ሴትዮዋ በጨርቅ ከንፈሩን እያረጠበች በማንኪያ ስታጠጣው፣ ባሏ ምንም ሳይጠይቀኝ ጄሪካኑን ከመኪናው በርሜል ሞልቶ፣ ሁለታችንንም አሳፍሮ፣ እግሬ መሐል አስቀመጠልኝና ወደ ከተማ ነዳ።

መንገዱን ሁሉ ጄሪካኑን ሳየው ነበር። አንዲት ጠብታ አልወጣችም።

ደምሴን ክሊኒክ አስገብተው ግሉኮስ ሲሰኩለት፣ እኔ ጄሪካኑን እንደተሞላ ወደ ጓሮ ወስጄ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ጣልኩት። ነርሶች ሰው ለማትረፍ ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር፤ እኔ የምሮጠው ጄሪካኑ ምንም እንደማያፈስ ደምሴ እንዳያይ ነበር። ስመለስ ዓይኑን ገልጦ ጠበቀኝ። መጀመሪያ የተናገረው፣ «ልገድልህ ነበር፣ ይቅር በለኝ» የሚል ነው።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩት።

ከዚያ ሂሩትን አግብቼ አትላንታ መጣሁ። ገና ስንተዋወቅ ደስ ላሰኛት ብዬ ታሪኩን ስነግራት፣ ኩባያዋን የሰጠው እኔ ሆንኩ፣ የተቀበለው ደምሴ። እንዴት እንደገለበጥኩት አላስታውስም፤ በጣም ቀላል ነበር። ማዘሉ ከዓመታት በኋላ እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ኮንየርስ አንድ ክርስትና ላይ የተጨመረ ነው።

እንግዲህ ባለፈው እሁድ ጋሽ ኃይሉ የጠየቁት ይህን ነበር። ደምሴ፣ «እውነት ነው ጋሼ» አለ። «እሱ ባይኖር ዛሬ እዚህ አልቀመጥም። ጄሪካኑን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ።» ሂሩት በኩራት ጀርባዬን መታ አደረገችኝ። ጋሽ ኃይሉ አጎረሱኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ጉርሻ ለመዋጥ የቸገረኝ የለም።

በማግስቱ ኤርፖርት እኔው አደረስኩት። ሰማንያ አምስት የሚባለው አውራ ጎዳና በመኪና ተዘግቶ ስለነበር ብዙ ጊዜ ነበረን። «ለምን እንደዚያ አልክ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ቤትህ ነው፣ ሚስትህ ፊት ነው» አለ። «እንዴት ብዬ ላሳፍርህ? ደግሞ ማን ሰጠ፣ ማን ጠጣ፣ ያን ያህል ምን ያደርጋል? ጥፋቱ እንደሆነ የእኔ ነው።» ከዚያ ሳቅ ብሎ አጫወተኝ። ዛሬም ውሃ የሚይዝ ዕቃ ሲገዛ ሱቁ ውስጥ ሞልቶ፣ ገልብጦ፣ ቆሞ ይጠብቃል፤ ልጆቹ ያፍሩበታል፣ አብረውት ገበያ መሄድ ትተዋል።

ተርሚናሉ ጋ ፓርክ አደረግኩ። ሻንጣውን አወረድኩለት። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ያ ሁልጊዜ የሚቀድመኝ አፍ ያን ቀን የት እንደሄደ እንጃ። አቅፎ ከሳመኝ በኋላ ሊሄድ ሲል ዞረ።

«ፋንቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስንት ዓመት ሳስበው ኖሬያለሁ። ያ ጄሪካን ያፈስ የነበረው ከታቹ ነው ከክዳኑ?»

ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «ከክዳኑ» አልኩት።