የሐሙስ አንባቢ

ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ይመጣል። ቦት ጫማውን በር ላይ ያወልቅና ተረከዙ በቀይ ክር በተጣፈ ካልሲ ወደ ሲግብሪት መስኮት ይጠጋል።

«የውሃ ክፍሏ መሐንዲስ ሰሞኑን የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች አምጪልኝ እስቲ።»

ሲግብሪት የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ታመጣለታለች። በስዊድን የመንግሥት ደብዳቤ የሁሉም ነው፤ ሊያነብ የመጣን ሰው ማን ነህ፣ ለምን ፈለግኸው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። እሷ ደግሞ ሳትጠይቅ ማደር የማይሆንላት ሴት ናት። ሕግ ነውና አፏን ይዛ ታየዋለች።

ሽማግሌው ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ስለ ተሰበረ ቱቦና ዝገት ዝገት ስለሚል ውሃ የተጻፈውን ሁሉ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣ ደብዳቤ እየደጋገመ ያነባል። ፊርማዋ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን ያሳርፍበታል።

«ቁጣ የለባትም» ይላል አንዳንዴ፣ ለራሱ።

ባለፈው ሐሙስ ግን ቀና አለ።

«ለጻፈላት ሁሉ ትመልሳለች?»

«መመለስማ ግዴታዋ ነው! ዝም ብትል አቤት ይባልባታል።»

«ቤቷ ለተላከላትስ?»

«እሱ እኛን አያገባንም።»

«እንግዲያው እኔም ልጻፍላት» አለ። ሲግብሪት ወረቀት ልትሰጠው ስትል እጁን አወዛወዘ።

«አንቺው በኮምፒውተር ጻፊልኝ። ደጄ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ተደፍኗል በይ።»

ጻፈችለት። በመጨረሻ የምትጠይቅበት ምክንያት አገኘች።

«መልሱ በማን ስም ይሁን?»

«ስሙን ተይው፤ ሐሙስ መጥቼ እወስደዋለሁ» አላት ጫማውን እያጠለቀ። «የአባቷን ስም ካየች አትከፍተውም።»