ጾም የማያስገድፈው አረቄ

ወንድሜ ዛሬ ሞላሌ ገበያ መሐል እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ደም አስታወከ። ሽታው ከነጠላዬ አልለቅ ብሏል።

ጉልበቱን ሲያመው የማስታገሻ ኪኒን በአረቄ በጥብጦ በባዶ ሆዱ ይጠጣል። «ቶሎ ሰውነትህ ውስጥ እንዲገባ ነው» ያለው ኪኒኑን ከበርበሬ ጋር ዘርግቶ የሚሸጠው ሰውዬ ነው።

ሰውዬው በርበሬ በጠቀለለልኝ የኪኒኑ መመሪያ ወረቀት ላይ «ከምግብ በኋላ» የሚል አንብቤ፣ ጠዋት «ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ ቂጣ ቅመስ» ስለው «ጾም ልታስገድፊኝ ነው?» ብሎ ተቆጣኝ።

ቂጣው ያስገድፋል፤ አረቄው ግን መድኃኒት ነው!

የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ኪኒኑና አረቄው ተጋግዘው ጨጓራውን ልጠውታል» አለችን። ሰውዬው ደሙ ላይ አመድ በትኖ መሸጡን ቀጥሏል። ትፍ!

ወንድሜ አልጋ ላይ ሆኖ «የዛሬው ጾሜ ይቆጠርልኛል?» ይለኛል።

እናንተስ እንዲህ ያለውን ሰው ከልማዱ በምን መለሳችሁት?